ትከሻ የሚያላውስ ሸሚዝ፦ «ሸማ ለወንድ ልብስ አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ከሽመናና ከባህል ጭፈራ ተነሥተን አካባቢን የማይጎዳ የወንዶች ልብስ እንሠራለን የሚሉ ዲዛይነሮች ራሳቸውንም ደንበኛቸውንም እያታለሉ ነው ይላል። ለእኔ ከላኩልኝ ሰዎች ገሚሶቹ «ምን ትላለህ?» ብለውኛል፤ ገሚሶቹ ደግሞ «በቃ፣ አበቃላችሁ»። የወንዶች ልብስ ቆርጬና ሰፍቼ የማድር ሰው ስለሆንኩ በጉዳዩ ወገንተኛ ነኝ። አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ልብስ ውድ ስለሆነ «ተፈጥሮን አይጎዳም» የሚለው ሙገሳ ለጥቂት ባለገንዘቦች የተበጀ ቅንጦት ነው። ሸማ ለመከናነቢያ እንጂ ለወንድ ልብስ አይመችም፤ ሲታጠብ ገብቶ ያጥራል፣ ጫፉ ይተረተራል፣ ሱሪ ሲሆን ጉልበቱ ላይ ይንዘረፈፋል። ከጭፈራ የተቀዳ ልብስ የመድረክ ልብስ ነው፤ ለብሶት ቢሮ የገባ ሰው ከባህል ምግብ ቤት ያመለጠ ተወዛዋዥ ይመስላል። የአንዱን ሕዝብ ጥለት ከሌላው ጋር ማደባለቅ ዝርፊያ ነው። በመጨረሻም፣ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ባህልን ለሁሉም ስላዳረሰ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የልብስ ሥራችን ተስፋ ያለውም ፋብሪካ ውስጥ እንጂ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፣ ከያዘውም ሐሳብ የማልክደው አለ። በተራ ልሂድ።

ዋጋውን በተመለከተ አልከራከርም፤ ውድ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሸማኔው ጋ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ እጅ ያለፈ ጨርቅ ከመርካቶ ሸሚዝ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ግን ጸሐፊው ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርገዋል። አንድ ልብስ ተፈጥሮን ይጎዳል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ሰው መግዛት ይችላል ወይ የሚለው ሌላ። «ውድ ነው» የሚለው መልስ ለሁለተኛው እንጂ ለመጀመሪያው አይሆንም። ከነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ ሸሚዝ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

ሸማን የባለገንዘብ ልብስ ማድረጋቸውም ገርሞኛል። ጋቢና ቡሉኮ የገበሬ ልብስ ነው። አንድ ጋቢ በገጠር ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የማያውቅ ካለ እናቱን ይጠይቅ። አዲስ ሲሆን ለዓመት በዓልና ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል፣ ሲቆይ የዘወትር ይሆናል፣ ሲሳሳ ለመኝታ፣ ሲያረጅ ደግሞ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ መጨረሻው የትራስ ሙሌት ነው። በመሃል ስንቴ ተጥፏል! አንዱ ልብስ ብዙ ሥራ ይሠራል። ነጠላው ያው ነጠላ ሆኖ ሲያጣፉት ሌላ ነው፣ ሲያደገድጉት ሌላ፣ ለቅሶ ቤት አዘቅዝቀው ሲገቡ ደግሞ ሌላ። ለደስታ አንድ፣ ለኀዘን አንድ ልብስ አልተገዛም።

ስለ ብክነት ከተነሣ የመቀሱንም ነገር ላንሣ። በልብስ ፋብሪካ ከሚቆረጠው ጨርቅ ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚጣል ይገመታል፤ ምክንያቱም ጨርቁ ቀጥ ያለ፣ የሰው አካል ግን ክብ ነው። ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ መቀስ አያውቃቸውም። ከሸማኔው እንደወረዱ ይነበራሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይለበሳሉ። ዛሬ በውጭ ዲዛይን ትምህርት ቤቶች ቁርጥራጭ የማይተው ቅድ (አቆራረጥ) እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚሰጠው ትምህርት አያቶቻችን በደጃቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

የማምነው ግን አለ። ከተማ ውስጥ ያለ ወጣት ኪሱ የሚፈቅድለት ሳልቫጅ ነው። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ገበያው ሞልቶታል፤ ያንን የሚለብሰውን ልጅ የምወቅስበት አፍ የለኝም። ጥጥም ቢሆን በራሱ ጻድቅ አይደለም። ውኃ ይጠጣል፣ በብዙ ቦታም ፀረ ተባይ ይረጭበታል። አርባ ምንጭ አካባቢ ግን ኬሚካሉን ትተው፣ ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን ወደ ማሳው የሚስብ ምግብ ነክ ርጭት እየተጠቀሙ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። ከእነሱ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ዶርዜና ጨንቻ ናቸው። ጥጡ ቆላ፣ ሸማኔው ደጋ፣ መሃሉ የአንድ ዳገት መንገድ። ጸሐፊው ማታለያ ያሉት አካባቢን የማይጎዳ የልብስ ሥራ ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ያገኛል?

አሁን ወደ ጨርቁ ጠባይ። ሲታጠብ ይገባል የተባለው እውነት ነው። በአሁኑ ሸማ ድሩ (በቁመት የሚዘረጋው ክር) ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ (በወርድ የሚገባው) ደግሞ በእጅ የተፈተለ። ሁለቱ ውኃ ሲነካቸው እኩል አይገቡም፤ ስለዚህ ሳይታጠብ የተቆረጠ ሸማ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አንዱ ጎኑ ተጎትቶ ይገኛል። መፍትሔው ግን ሸማን መተው አይደለም፤ ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት ሞቅ ባለ ውኃ አጥቦ፣ ጥላ ላይ አስጥቶ፣ በካውያ ቀጥ አድርጎ ማሳደር ነው። ማንም ደህና ሰፊ ይህን ያውቃል። የማያደርገው ደንበኛው ለነገ ሠርግ ስለሚያጣድፈው ነው። ጥፋቱ የጥድፊያው ሆኖ ሳለ ለጨርቁ ተሰጠው።

ጫፉ ይተረተራል ለተባለው፣ ሸማ ሁለት የማይተረተሩ ጠርዞች ይዞ ነው የሚወለደው። ማጉ ሄዶ የሚመለስበት ግራና ቀኝ ጎኑ ራሱን ዘግቷል። ወርዱ አንድ ሜትር የማይሞላ መሆኑን ብዙ ሰፊ እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ቅዱን ከዚያ እጀምራለሁ። የሸሚዙን የፊት መክፈቻ ከነጠርዙ ካወጣሁት መዘምዘም አያስፈልገውም። ጥለቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከሸማኔው ጋር አስቀድሜ ከተነጋገርኩ የእጅጌው ጫፍ፣ የኮሌታው ቁመት፣ የሱሪው የጎን መስመር ተሸምኖ ይመጣል። በሸሚዝ ላይ ጥለት ቆርጦ መለጠፍ የሚያመጣውን ጭማሪ ስፌትና ቁርጥራጭ ያስቀራል። ደግሞም የተለጠፈና የተሸመነ ጥለት ከሩቅ ይለያል። የተለጠፈው ጨርቁን ይወጥረዋል፣ የተሸመነው አብሮት ይወድቃል።

ጉልበት ላይ ይንዘረፈፋል? አዎ፣ ጠበብ ያለ ሱሪ ከስስ ሸማ ከተሰፋ እውነት ነው። ለዚህ እኮ ነው የሸማ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ላላ ማለት ያለበት። ተፈሪ ሱሪን ተመልከቱት፤ ጭኑ ላይ ሰፊ፣ ባቱ ላይ ጥብቅ ነው። በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ጉልበቱ የሚታጠፍበት ቦታ ጨርቁ እንዳይወጠር ተብሎ የተቆረጠ ነው። ስስ ሸማ ለሸሚዝ፣ ወፈር ያለው በገበር ለሰደርያና ለጃኬት። ጨርቁን ከጠባዩ ውጭ አስገድዶ ሲበላሽ «አየህ፣ አይሆንም» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ዋናው ክርክር የጭፈራው ነው። ጸሐፊው ከሁሉ የተሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል፤ ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም። ከጭፈራ የተነሣ ልብስ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ጀርባው ላይ ከበሮና ማሲንቆ የተሣለበት ሸሚዝ ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ ካወገዙ እኔም አብሬአቸው አወግዛለሁ። ግን ጭፈራ ከሥዕል በፊት እንቅስቃሴ ነው። የልብስ ሥራ ደግሞ አካል ሲንቀሳቀስ ጨርቁ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጎጃሜ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እስክስታ ሲወርድ የሚሠራው ክንዱ አይደለም። ክንዱ ቆሟል። የሚንቀሳቀሰው ትከሻው፣ ደረቱና የጀርባው ብራኳ ነው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ። በሱቅ የተገዛ ጠበብ ያለ ሸሚዝ አልብሱትና ጀርባውን እዩት። ጨርቁ ከአንዱ ብብት እስከ ሌላው እንደ ገመድ ይወጠራል። እዚህ የሚጎድለው የጀርባ ስፋት ነው። መልሱም ከሁለቱ ብራኳዎች ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ሰውየው ሲቆም ተኝተው አይታዩም፣ ትከሻው ወደ ፊት ሲመጣ ይከፈታሉ።

ከዚያ የጉራጌውን ጭፈራ እዩ። እዚህ ክንድም ጉልበትም አያርፍም። ብዙ ሰው፣ ሰፊዎችንም ጨምሮ፣ ክንድ እንዲነሣ የእጅ መግቢያውን ማስፋት አለብን ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። የእጅ መግቢያው ወደ ጎን በወረደ ቁጥር እጅጌው ከገላ ልብሱ የሚጋጠምበት ቦታ ከብብት ይርቃል፤ ክንድ ሲነሣም ልብሱን በሙሉ ይዞት ይነሣል። የሸሚዙ ጫፍ ከሱሪ ይመዘዛል፣ ኮሌታው ጆሮ ሥር ይደርሳል። የእጅ መግቢያው ጠቦ ወደ ብብት ሲጠጋ ግን ክንዱ ብቻውን ይሄዳል፣ ገላ ልብሱ በቦታው ይቀራል። ብብት ሥር ከመዳፍ የማትበልጥ አራት ማዕዘን ቁራጭ ከገባች ደግሞ እጅ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ቢዘረጋ ስፌቱ አይተረተርም። ያቺ ቁራጭ ከየት ትመጣለች? ከሸማው ትራፊ። ሱሪም ላይ ሁለቱ እግሮች በሚገናኙበት ቦታ ያቺው ዓይነት ቁራጭ ብትገባ ቁጭ ብድግ ሲሉ የሚቀደደው ስፌት ይድናል።

ወላይታ ላይ ደግሞ ሥራው የወገብ ነው። ወገብ የሚሠራበት ልብስ ሱሪ ውስጥ አይከተትም፤ ስለዚህ ሸሚዙ ከጎን ተከፍቶ በላይ እንዲወርድ ይቆረጣል። በየጭፈራው ብንሄድ እያንዳንዱ አንድ የልብስ ችግር ይዞልን ይመጣል፤ የብዙዎቹም መልስ ቅዱ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ቢሮ የሚሄድ ሰው መቼ ይጨፍራል?» ሊሉኝ ይችላሉ። አይጨፍርም። ግን ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ ይውላል፣ ትከሻው ወደ ፊት መጥቶ፤ እስክስታው ያመለከተን የጀርባ ውጥረት እዚያ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ብረት ይዞ ይቆማል፣ ክንዱ ወደ ላይ ተዘርግቶ። በታክሲ ኋላ ወንበር አራተኛ ሆኖ ሲጠጋጋ ጉልበቱን የሚያጥፈውንማ አታንሡት። በጭፈራ የተፈተነ ሸሚዝ ለዚህ ሁሉ ይሆናል፣ በላዩም ላይ አንድም ከበሮ አይታይም። ለብሶት የገባውን ሰው ማንም ተወዛዋዥ አይለውም፤ «ሸሚዝህ ሲያምር» ይሉት እንደሆነ እንጂ።

ስለ መድረክ ልብስ ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ። መድረክ የራሱ ሕግ አለው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጭፈራችን ወደ ቴአትር ቤት ገብቷል። ከሩቅ መታየት አለበት፣ ተወዛዋዦቹ አንድ መምሰል አለባቸው፣ በአንድ ምሽት ውስጥ አምስት ልብስ መቀያየር አለባቸው። በየባህል ምግብ ቤቱ የምናየው ላስቲክ የገባበት፣ የሚያብለጨልጭ ልብስ የዚያ ውጤት ነው። ግን የጭፈራው ባለቤት የሚጨፍረው በዚያ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ጥምቀት ላይ የሚጨፍርበት ቁምጣ ሲያርስበት ከከረመው ጋር ቅዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አዲስነቱ ብቻ ነው። የሥራ ልብስና የጭፈራ ልብስ ተለያይተው አያውቁም ነበር፤ የለያያቸው መድረኩ ነው። ጸሐፊው የመድረኩን ልብስ እንደ ምንጩ ቆጥረው ነው የፈረዱት።

በጥለት ባለቤትነት ላይ ካሉት ብዙውን እጋራለሁ። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫው የዱንጉዛ ልብስ ለወላይታ ሰው የማንነት ምልክት ነው። ከላዩ አንድ ስንዝር ቆርጦ፣ «አፍሪካዊ መንፈስ» የሚል ስም ሰጥቶ፣ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ መሸጥ ነውር ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ አይተናል።

ሆኖም ድብልቁን ሁሉ ዝርፊያ ካልነው የራሳችንን ገበያ መዝጋታችን ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ለጎንደር ሙሽራ የታዘዘውን ቀሚስ ማን እንደሸመነው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጋሞ ልጅ ነው። የሌላውን ሕዝብ ጥለት በጣቱ እየቆጠረ፣ ክር በክር ሲያስገባ የኖረው እሱ ነው፤ ሕዝቡም ያንን ልብስ የራሱ አድርጎ ሲለብስ ኖሯል። ስለዚህ ጥያቄው «ተደባለቀ ወይ?» ሳይሆን «ሸማኔው ምን አገኘ፣ ስሙስ ተነሣ ወይ?» ቢሆን ይሻላል። ይህ ሰው እኮ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ስላዩ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ልብሱ ላይ የሚለጠፈው ስም ግን አሁንም የዲዛይነሩ ብቻ ነው። እኔንም ይጨምራል።

የታተመው ጥለት ባህልን ለሁሉም አዳረሰ ለሚለው ብዙ አልጽፍም። ምስሉን አዳርሷል፣ እስማማለሁ። ጥለቱ የሚታተምበት ፖሊስተር ግን ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ነው፤ ላብ አይመጥም፣ ሲታጠብ ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውኃ ይለቃል፣ ሲቀደድ የሚጥፈው የለም። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ በጣቱ እየቆጠረ የሚያወጣውን ጥለት ማተሚያው በቅጽበት ሲያወጣው ደግሞ ልብሱን ያገኘው ሁሉም ሰው ነው፣ ገቢውን ያጣው አንድ ሰው።

ፋብሪካውን በተመለከተ ግን ጸሐፊው የረሱት ታሪክ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ የልብስ ሥራችን ተስፋ ተብሎ ነበር፤ በቆሻሻ ፍሳሽ አያያዙም ምሳሌ ነው ተብሏል፣ ያም ጥሩ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ዋናው የውጭ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘጋ። ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲሸጡ ከሚፈቅደው ሕግ፣ አስወጣች፤ ከቀረጥ ነፃ የነበረው መንገድ ተቆረጠ። ዋሽንግተን የተወሰነ ውሳኔ ሐዋሳ ያለችውን ሰፊ ከሥራ ሊያስወጣት እንደሚችል ያን ጊዜ አየን። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ የራሱ ችግር ሞልቶታል፤ ገበያው ግን ጎረቤቱ ነው።

ይህን ስል ፋብሪካ ይውደም ማለቴ አይደለም። ድሩ ከየት ይመጣል? ከፋብሪካ። ብዙው ሸማኔ ያለ ፈታይ ፋብሪካ ዛሬ አንድ ነጠላ አያወጣም። ሁለቱን ጠላት አድርጎ ማቅረብ ያልነበረ ጦርነት መፍጠር ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ የውጭ ገበያ አያገኝም የሚል ካለም፣ ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው የልብስ ድርጅት፣ ለምለም፣ ሀገር ቤት በተሸመነ ጥጥ ነው ስም ያተረፈው፤ ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጫማ የሚሠራው ሶልሬብልስም በውጭ ገበያ ታውቋል። ለምለም በዋናነት የታወቀው በሴቶችና በልጆች ልብስ ነው፤ የወንዱ ቦታ ገና ብዙም አልተነካም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ጸሐፊው ሳያነሱት ያለፉት። ሸማን ለመተቸት ከፈለጉ ከመግባቱና ከመተርተሩ ይልቅ ይህ ነበር ጠንካራው ነጥብ። ከጋሞ ደጋማ መንደሮች ሕፃናት «ትማራለህ» ተብለው ወደ አዲስ አበባ እየመጡ፣ ከትምህርት ቤት ይልቅ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሸምኑ ኖረዋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናት የግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ በሚላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና አስገብቶታል። «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ልብሱ ላይ ያንጠለጠለ ዲዛይነር ሁሉ እጁ የማን እንደነበር፣ ዕድሜውም ስንት እንደሆነ መመለስ አለበት። ከደላላ የሚገዛ ሊመልስ አይችልም። ሸማኔው ቤት ሄዶ፣ ጥለቱን ተነጋግሮ፣ ቀብድ ሰጥቶ የሚያሠራ ቢያንስ ማን እንደተቀመጠ ያያል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ቢያነሡ ተቃውሞ አልጽፍባቸውም።